ልብ ከእጅ ጋር ሲውል

ሰው ሁሉ ደስታን ይሻል። በዚህ ረገድ ሀብታምና ድኻ፣ ምሁርና ያልተማረ ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ ያለው ደስታን የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ነው። የከተማችንን ሰው ወሬ ላዳመጠ፣ ደስታ ሁልጊዜ «ከዚህ በኋላ» የሚመጣ ነገር ነው። ተማሪው «ስመረቅ» ይላል፤ የተመረቀው «ሥራ ስይዝ»፤ ሥራ የያዘው «ሳገባ»፤ ያገባው «ቤት ስሠራ»፤ ቤት የሠራው «ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ሳደርስ»። ልጆቹን ያደረሰው ደግሞ ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥና «ያኔ ተማሪ ሳለሁ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!» ይላል። እንግዲህ ደስታ ከፊታችን ስትሸሽ ቆይታ፣ ሳናያት አልፋን ከኋላችን ትገኛለች ማለት ነው። ለመሆኑ አሁን በእጃችን ያለው ሰዓትስ የማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንኑ ነው። ስለ ትልልቅ ምኞቶች አይደለም፤ ዕለት በዕለት ስለምንሠራው ሥራ ነው። ሸማ ስንሰፋ፣ ቡና ስንቆላ፣ የሱቅ ሒሳብ ስንመዘግብ፣ ልጅ ስናስጠና፣ ውዱእ አድርገን ስንቆም ልባችን የት ነው ያለው? እጃችን እዚህ፣ ልባችን ግን ሌላ አገር ከሆነ፣ ያ ሰዓት ለእኛም ለሥራውም ሳይሆን ባክኖ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሜያቸውን ካሳለፉት የዘመናችን ተመራማሪዎች ዋነኛው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ይባላሉ። ስማቸው ለአፍ ያስቸግራል፤ ሃንጋሪያዊ ናቸውና። የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 በፊዩሜ ከተማ ነው። ከተማዋ ያኔ በኢጣሊያ ሥር ነበረች፤ ዛሬ ሪየካ ተብላ በክሮኤሺያ ትገኛለች። ልጅነታቸው ያለፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። አንድ ወንድማቸው ቡዳፔስት በተከበበች ጊዜ ተገደለ፤ ሌላው ተማርኮ ወደ ሳይቤሪያ የጉልበት ሥራ ካምፕ ተጋዘ። እሳቸውም በልጅነታቸው በኢጣሊያ እስረኞች ካምፕ ውስጥ ቆይተዋል። በዚያ ካምፕ ውስጥ ቼዝ ሲጫወቱ በዙሪያቸው ያለው መከራ ለጊዜው ከሐሳባቸው እንደሚጠፋ አስተዋሉ። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ከልባቸው ተቀረጸ፤ ትናንት የተከበሩና የሚታፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሥራቸው፣ ቤታቸውና ሹመታቸው ሲወሰድ ባዶ ጆንያ ሆነው ሲወድቁ፣ ጥቂቶች ግን ምንም ሳይቀራቸው ሰው ሆነው ቀጠሉ። እነዚህን ያቆማቸው ምንድን ነው? ልጁ ጥያቄውን ይዞ አደገ፤ በ1956 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ትምህርት ተምሮ በ1965 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ።

የመጀመሪያ ጥናታቸው በሠዓሊዎች ላይ ነበር። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥዕል ሲሠሩ እየተቀመጡ ተመለከቱ። ሠዓሊው ሸራው ፊት ሲቆም ረሃቡን ይረሳል፣ ድካሙን ይረሳል፣ ሰዓቱን ይረሳል። የሚገርመው ግን ሥዕሉ ሲያልቅ ነው። ያን ያህል የደከመበትን ሥዕል ግድግዳ ላይ ያስደግፈውና ዞሮም አያየው፤ ሌላ ሸራ ይወጥራል። እንግዲህ ሰውዬውን የሚስበው ውጤቱ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩ ቼዝ ተጫዋቾችን፣ ገደል ወጪዎችን፣ ሙዚቃ ደራሲዎችንና የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን አነጋግረው በ1975 የመጀመሪያውን ዋና መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ብዙዎቹ ተጠያቂዎች ሁኔታውን ወንዝ ይዞት ከሚሄድ ሰው ጋር ስላመሳሰሉት፣ ፕሮፌሰሩ «ፍሎው» አሉት፤ በእኛ አፍ «ፍሰት» ልንለው እንችላለን። በዓለም ዙሪያ ያስታወቃቸው በዚሁ ስም በ1990 የወጣው መጽሐፋቸው ነው። በ2021 ነው ከዚህ ዓለም የተለዩት።

ታዲያ ይህ ፍሰት የተባለው ነገር መቼ ይመጣል? ፕሮፌሰሩ ያስቀመጧቸውን ሁኔታዎች በእኛው ቤት ምሳሌ ብናያቸው ይቀላል። ቁርኣን በሒፍዝ የሚይዝ ልጅን እንመልከት። አንደኛ፣ የሚሠራው ነገር ግልጽ ነው፤ ዛሬ ይህን ገጽ፣ ከዚህ አያ እስከዚያ አያ። ሁለተኛ፣ ስሕተቱና ትክክሉ ወዲያው ይነገረዋል፤ ኡስታዙ ፊት ተቀምጦ ሲቀራ አንዲት ፈትሐ ብትዛነፍ ኡስታዙ ያስቆሙታል። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ሸክሙ ከጉልበቱ ጋር የተመጣጠነ ነው። ከጁዝእ ዐምማ አጫጭር ሱራዎች ይጀምራል እንጂ በመጀመሪያው ቀን ሱረቱል በቀራን አይጭኑበትም። ከአቅሙ በላይ ቢጫንበት ይጨነቃል፤ ከአቅሙ በታች ሲሆንበት ይሰለቻል፤ ትንሽ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ልቡ ይያዛል። ይህን የቺካጎው ሊቅ በጥናት ከማግኘታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የወሎም የሐረርም መሻይኾች ያውቁት ነበር። ስም አልሰጡትም እንጂ በተግባር ደረሶቻቸውን ሲያሳድጉበት ኖረዋል።

ነገሩ በቁርኣን ቤት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማንኛዋም እናት ምጣድ ፊት ስትቀመጥ ይኸው ነው። ምጣዱ ካልጋለ እንጀራው ይጣበቃል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ያራል። ሊጡ ወፍሮ እንደሆነ፣ አብሲቱ ልክ መሆኑን ዓይን አወጣጡ ወዲያው ይናገራል። በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ ፍርድ ይሰጣል፤ ለሚቀጥለው ይታረማል። ይህን ሥራ «ጭስ ነው፣ ልፋት ነው» ብቻ ብሎ የሚያልፈው ሰው ምጣድ ፊት ተቀምጦ የማያውቅ ነው። ጭሱም ልፋቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሠርታ የጨረሰች ሴት ሞሰቡን ስትከድን ፊቷ ላይ የሚታየውን ነገር ጭሱ አያስረዳም።

በመርካቶ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከስልሳ ዓመት ያለፋቸው ልብስ ሰፊ አሉ፤ አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ስጠብቃቸው ሥራቸውን እመለከት ነበር። መኪናዋ አሮጌ ሲንጀር ናት። የሰው ኮት ገበር እየቀየሩ ነበር፤ ከውጭ የማይታይ፣ ባለቤቱም ተርትሮ ካላየው በቀር የማያውቀው ስፌት። አንዱን መስመር ሰፍተው ጨረሱና በብርሃን ገልጠው አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ፈቱት። «ሐጂ፣ ማን ያየዋል ብለው ነው?» አልኳቸው። «እኔ አይቸዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «እሱም አይቶታል» ብለው በመርፌው ጫፍ ወደ ላይ አመለከቱ። ከዚያ በኋላ ማናገሩን ተውኩት፤ ስለማይሰሙኝ።

የሐጂ መልስ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ሥራና ዕረፍት የተገኘ አንድ አስገራሚ ነገር ላንሣ።

ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ሰዎች በዕለት ኑሯቸው ምን እንደሚሰማቸው ለማወቅ ቀላል ዘዴ ፈጠሩ። ለሰዎቹ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ የኪስ መጥሪያ ሰጧቸው። መጥሪያው ለአንድ ሳምንት በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ባልታሰበ ሰዓት ይጮኻል፤ ሰውዬውም በጮኸ ጊዜ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ምን እያሰበ እንደሆነና ምን እንደሚሰማው በደብተሩ ይመዘግባል። በ1989 ይፋ በሆነው ጥናት በአሜሪካ የሚገኙ ሠራተኞች መልስ ሲመረመር፣ ሰዎቹ ፍሰት የተባለውን ሁኔታ በብዛት የሚያገኙት በዕረፍታቸው ሳይሆን በሥራቸው ላይ ሆኖ ተገኘ። ልባቸው የተሰበሰበ፣ ብርቱና ንቁ ሆነው የሚሰማቸው በሥራ ላይ ነበር። ሆኖም በዚያው ሰዓት «ሌላ ነገር ብሠራ በወደድኩ» ብለው ይመዘግባሉ! በዕረፍት ሰዓታቸው ደግሞ ደብዝዘውና ዝለው ሳለ፣ ያንን መለወጥ አይሹም። በ1990 ስለ ቴሌቪዥን ያሳተሙት ሌላ ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ተመልካቹ እያየ ሳለ ዘና ይላል፤ ሲያጠፋው ግን መዝናናቱ አብሮ ይጠፋል፤ ድካሙ ይቀራል።

ሰው የሚጠቅመውን ይጠላል፣ የሚያደክመውን ይመኛል ማለት ነው። ለምን? እንደሚመስለኝ ሥራ የሚባለውን ነገር ገና ሳንጀምረው «ለሌላ ሰው የምከፍለው ዕዳ ነው» ብለን ስለምንገባበት ነው። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚሰማውን ወሬ ማዳመጥ ይበቃል።

በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከልብ አቅጣጫ ያሳየናል። ሁለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስልክ አማካይነት 2,250 ሰዎችን በቀን ውስጥ ባልታሰበ ሰዓት ሲጠይቁ፣ ሰዎቹ ከጠቅላላው ጊዜ 47 በመቶ ገደማ ልባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጭ ሲባዝን ተገኘ። ልባቸው በባዘነ ሰዓት ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ነበር፤ ሥራው የማይወደድ እንኳ ቢሆን። የሰውን ደስታ የሚወስነው ከሚሠራው ሥራ ይልቅ ልቡ ያለበት ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስናነብ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በቀን አምስት ጊዜ «አላሁ አክበር» ብሎ እጁን ያነሣ ሰው ሁሉ ልብ እንደሚባዝን ያውቃል። ሦስተኛው ረክዓ ነው ወይስ አራተኛው? ሱቁን ቆልፌዋለሁ ወይስ አልቆለፍኩትም? ቁርኣን በሱረቱል ሙእሚኑን መክፈቻ ስለ ስኬታማ አማኞች ሲያነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅሰው በሶላታቸው ውስጥ ኹሹዕ ያላቸው መሆናቸውን ነው። በሱረቱል ማዑን የተወቀሱት ደግሞ ሰጋጆች ሆነው ሳለ ከሶላታቸው የዘነጉት ናቸው። ኢማሙ አል-ገዛሊም በ«ኢሕያእ» መጽሐፋቸው የልብ መገኘትን የሶላት ሕይወት አድርገው በሰፊው አብራርተውታል። ሶላት እንግዲህ፣ ከሌላው ሁሉ ጥቅሙ በተጨማሪ፣ የባዘነ ልብን በየዕለቱ አምስት ጊዜ ወደ ቦታው መመለስን ያስተምራል። በሶላቱ ልቡን መሰብሰብ የለመደ ሰው በመዝገቡም፣ በመጋዙም፣ በበሽተኛው አልጋ አጠገብም ልቡን ለመሰብሰብ አይቸገርም። ተቃራኒውም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ልቡን ሲበትን የዋለ ሰው መግሪብ ላይ ድንገት ሰብስቦ ሊቆም አይችልም።

አል-ገዛሊን ካነሣን አይቀር፣ የሐጂን መልስ ሁለተኛ ክፍል የሚያስረዳልን የእሳቸው ታሪክ ነው። አል-ገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ 300 ተማሪዎችን ያስተምሩ የነበሩ፣ በዘመኑ ከነበሩት ዑለማእ ሁሉ ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። ሥራቸውን በጥልቅ የሚያውቁ፣ የሚዋጣላቸው ሊቅ ነበሩ። በ1095 ግን ምላሳቸው ተያዘ፤ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ራሳቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝናና ለክብር ሆኖ እንዳገኙት በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ገልጸዋል። ሹመታቸውን ጥለው ወደ ደማስቆ፣ ወደ ቁድስና ወደ መካ ተሰደዱ። ሥራው ያው ሥራ፣ ችሎታውም ያው ችሎታ ነበር። የጎደለው ኒያው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ከቺካጎው ሊቅ ጋር በከፊል የምለያየው። እሳቸው ሥራ ለራሱ ለሥራው ሲባል ሲሠራ ደስታ ይገኛል ይላሉ፤ ይህም ለገንዘብና ለጭብጨባ ከመሥራት እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ጥያቄው አላለቀም። ቁማርተኛም ልቡ ይመሰጣል። በ2012 ስለ ላስ ቬጋስ የቁማር ማሽኖች የታተመ አንድ ጥናት፣ ብዙ ተጫዋቾች የሚቀመጡት ለማሸነፍ ሳይሆን ያ መመሰጥ እንዳይቋረጥባቸው እንደሆነ ያስረዳል፤ ማሽኖቹም ይህንኑ ታስቦ የተሠሩ ናቸው። በጣታችን ወደ ላይ እየገፋን የምናየው የስልካችን ማያም የዚሁ ዘመድ ነው። ሰዓቱ ይጠፋል፣ ረሃቡ ይረሳል፣ ዙሁር አልፎ ዐስር ይገባል፤ ነገር ግን ሲያበቃ በእጅ ላይ ምንም የለም። ጫትም በዚህ በኩል ቢታይ አይከፋም። በምርቃና ሰዓት ሕንጻ ይገነባል፣ መጽሐፍ ይጻፋል፣ ኡማው አንድ ይሆናል፤ ማታ ግን የሚገኘው የገረባ ክምር ነው። በዚህ አባባሌ የሚቆጡኝ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ያገኘነውን ግን እንቁጠር። ሐቀኛ ለመሆን ያህል፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸውም ፍሰት በራሱ መልካም ነው አላሉም፤ ለጥፋትም ሊውል እንደሚችል ጽፈዋል። «ለማንና ለምን?» የሚለውን ግን ለእያንዳንዱ ሰው ትተውታል።

ለእኛ ይህ ጥያቄ አልተተወም። በኢማሙ አል-ቡኻሪ ስብስብ የመጀመሪያው ሐዲስ ስለ ኒያ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። የተፈቀደ ዓለማዊ ሥራ በኒያ ወደ ዒባዳ እንደሚለወጥ ዑለማእ አስተምረዋል። ኢሕሳን የተባለው ደረጃም በጅብሪል ሐዲስ እንደተብራራው አላህን እንደሚያዩት ሆኖ መገዛት፣ ባያዩትም እሱ እንደሚያይ ማወቅ ነው። የመርካቶው ሐጂ በመርፌያቸው ጫፍ ያመለከቱት ይህንን ነው። ነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ተገርቶላቸው ጥሩር ሲሠሩ፣ ቀለበቶቹን እንዲመጥኑ በሱረቱ ሰበእ መታዘዛቸውን ሳስብ ዘወትር ይደንቀኛል። ለነብይ የመጣ ትእዛዝ ስለ ቀለበት ልክ ይናገራል! የእኛው ነብይም (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውልናል። የሚንቁት ሥራ አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቀኛል፤ ተገቢም ነው። «ይህ ነገር ለአሠሪዎች የሚመች ስብከት አይደለምን? ደመወዙ ወር የማያደርሰውን ሠራተኛ ‹በሥራህ ተደሰት› ማለት ነው?» የሚል። አይደለም። የሠራተኛው ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈለው የሚለው ነብያዊ ትምህርት ከማንኛውም የደስታ ምክር በፊት ይመጣል። ሙስሊም ነጋዴዎቻችንም ይህን ደጋግመው ቢያስቡት ይጠቅማቸዋል። ሠራተኛውን እየበደለ ስለ ኢሕሳን የሚያወራ አሠሪ ቃሉን ከአፉ ያበላሸዋል። ሠራተኛውም መብቱን መጠየቁ ከልብ ሥራው ጋር አይጋጭም። የተከፈለውም ያልተከፈለውም ሰዓት ግን የዕድሜው ሰዓት ነው፤ በጥላቻ ያሳለፈውን ሰዓት የሚተካለት የደመወዝ ጭማሪ የለም።

«ሥራዬ ራሱ አሰልቺ ቢሆንስ?» ለሚል ደግሞ በ1990ው መጽሐፍ ውስጥ የተጠቀሰ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። የምስልና የድምፅ መሣሪያ በሚገጣጠምበት መስመር ላይ ቆሞ፣ አንዱን ሥራ በቀን 600 ጊዜ ያህል ይደጋግማል። ለእያንዳንዱ የተመደበለት 43 ሰኮንድ ነው። አብረውት የሚሠሩት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሰለቹታል፤ እሱ ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ይወደው ነበር። ምክንያቱም ሥራውን እንደ ሯጭ አድርጎ ይዞት ነበር፤ መሣሪያውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ እጁን እንዴት እንደሚያዘዋውር እያጠና፣ ለአንድ ሙሉ ቀን በአማካይ 28 ሰኮንድ እስከ መድረስ ሄደ። እንዲህ ያደረገው የአለቃውን ምስጋና ፈልጎ ብቻ አልነበረም፤ ምን ያህል እንደሚፈጥንም ብዙ ጊዜ ለሰው አይናገርም ነበር። እዚያው መስመር ላይ ዕድሜውን ለመፍጀትም አላሰበም። የሚችለውን ያህል ከፈጠነ በኋላ ሥራው እንደሚጠበው ያውቅ ነበርና፣ ማታ ማታ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ይማር ነበር።